የሆዷን በሆዷ የያዘች ጀልባ

ጓደኛዬ እንግሊዝ አገር፣ ኮቨንትሪ ከተማ ውስጥ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ሳምንቱን ሙሉ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሲያሽከረክር ይውልና፣ ዕረፍቱን ከሰው እርምጃ በማይፈጥን ጀልባ ላይ ማሳለፍ አማረው። የመጀመሪያ ጀልባውን እንዴት እንደገዛ፣ ምን ሊበላው እንደነበርና ብራውንስተን ከምትባል መንደር እስከ ኮቨንትሪ በሄድንበት የመጀመሪያ ጉዞ ምን እንደገጠመን እነሆ። እኔ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ አብሬው ነበርኩ፤ ማስታወሻ ያዥም፣ ገመድ ጎታችም፣ ጨቅጫቃም ሆኜ። የእሱንም የሻጮቹንም የደላላውንም ስም አልጠራም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ጀልባዋ ዓይነት። እንግሊዞቹ ናሮውቦት ይሏታል፣ ጠባብ ጀልባ ማለታቸው ነው። ወርዷ 2 ሜትር ከምናምን ነው። ርዝመቷ ግን እስከ 22 ሜትር ይደርሳል። ኮሪደር ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ አስቡት። ቅርጿ ለውበት ተብሎ የመጣ አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጄምስ ብሪንድሊ የሚባል የወፍጮ ባለሙያ የመሃል እንግሊዝን ከተሞች በውሃ ቦይ ሲያገናኝ፣ ሎኮቹን 7 ጫማ ገደማ ብቻ አድርጎ ሠራቸው። ሎክ ማለት ከፊትም ከኋላም በር ያለው የድንጋይ ገንዳ ነው። ጀልባዋ ትገባለች፣ በሩ ይዘጋል፣ ውሃው ይሞላል ወይም ይጎድላል፣ እሷም አብራ ትወጣለች ወይም ትወርዳለች። ሎኩ ሲጠብ ግንባታው ይረክሳል፣ በእያንዳንዱ ማሻገር የሚፈሰው ውሃም ያንሳል። ብሪንድሊ በ1772 ሞተ። ጀልባ ገዢው ግን ዛሬም በእሱ ልክ የተሰፋውን ነው የሚገዛው።

ገንዘቡና ሐሳቡ

የያዘው 50,000 ፓውንድ ነበር። ከፊሉ የዓመታት ቁጠባ፣ ከፊሉ የደረሰው እቁብ። ባንክ ለቤት እንደሚያበድረው ለጀልባ አያበድርም፤ መሬት ላይ የቆመች ንብረት አይደለችማ። ለጀልባ ብቻ የሚያበድሩ ድርጅቶች አሉ፣ ወለዳቸው ግን ጠንከር ያለ ነው። እሱም "ዕዳ ይዤ ውሃ ላይ አልወጣም" አለ።

የመጀመሪያ ሐሳቡ ከቤት ኪራይ ተገላግሎ እዚያው መኖር ነበር። ብዙ ሰው የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ጋ ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቋሚ ማቆሚያ ሳይኖርህ እየተንቀሳቀሱ መኖር ነው። የ1995ቱ የውሃ መንገዶች ሕግ ይህን ይፈቅዳል፤ ግን አንድ ቦታ በተከታታይ ከ14 ቀን በላይ መቆም አይቻልም፣ ጉዞውም እውነተኛ ጉዞ መሆን አለበት። ድልድይ እየቀያየሩ እዚያው መሽከርከር አያስኬድም። ጎህ ሳይቀድ ዴፖ መግባት ያለበት ሾፌር ይህን እንዴት ይችለዋል? ሁለተኛው በጀልባ ማቆሚያ ወደብ፣ ማሪና በሚሉት ውስጥ፣ ቦታ መከራየት ነው። ከኮቨንትሪ ወጣ ብሎ፣ ሆክስበሪ አካባቢ ቦታ ተገኘ። ውሉን ሲያነብ ግን "ለመዝናኛ ብቻ" ይላል። መኖር ክልክል ነው። መኖሪያ የሚፈቅዱ ማቆሚያዎች ጥቂት ናቸው፣ ወረፋቸውም ረጅም ነው።

ሁለት ሳምንት ተኮራርፎ ከረመ። ከዚያ ሐሳቡን አሳነሰ፦ ክፍሌን አልለቅም፣ ጀልባዋ ለዕረፍት ቀኔና ለዓመት ፈቃዴ ትሁን። እኔ ከጠቅላላው ሂደት ትልቁ ውሳኔ ይህ ነበር እላለሁ። ጀልባ ከመግዛቱ በፊት ማቆሚያዋን አወቀ። ብዙዎች ከገዙ በኋላ ነው ቦታ መፈለግ የሚጀምሩት።

ኩሽናው

መጀመሪያ ያየናት ጀልባ 60 ጫማ ነበረች። ውስጧ ያበራል። ኩሽናዋ የከተማ አፓርታማ ይመስላል፦ ነጭ ካቢኔት፣ ባለ እንጨት ጠረጴዛ፣ የእንጨት ምድጃ፣ ከላዩ የነሐስ ማንቆርቆሪያ። ጓደኛዬ ምድጃው ፊት ቁጭ አለና ዝም አለ። ገባኝ፤ ልቡ ሄዷል።

"ስማ፣ ይቺን ነው የምገዛው" አለኝ በአማርኛ፣ ሻጩ እንዳይሰማ።

"ሞተሩን እንይ መጀመሪያ።"

የኋላውን ክዳን ከፈትን። እሱ መካኒክ አይደለም፣ ግን 20 ዓመት ከናፍጣ ሞተር ጋር የኖረ ሰው ነው። እጁን ሞተሩ ላይ አሳረፈ። ሞቅ ብሏል። ሻጩ እኛ ከመድረሳችን በፊት አስነስቶ አሙቆታል ማለት ነው። የቀዘቀዘ ሞተር ነው እውነቱን የሚናገረው፤ ለመነሳት ያስቸግር እንደሆነ፣ ሲነሳ የሚያወጣው ጭስ ነጭ ይሁን ሰማያዊ የሚታየው ያኔ ነው። ከጎኗ ደግሞ ከውሃው በላይ የሚታየው ጥቁር ቀለም ገና ትናንት የተቀባ ይመስላል። ከውሃ አውጥተን እናስመርምር ስንል ሻጩ "ሌላ ገዢ ነገ ይመጣል፣ ጊዜ የለም" አለ። ጓደኛዬ ማንቆርቆሪያውን አንዴ ዞር ብሎ አየና ወጣን። ቤት እስክንገባ አላናገረኝም።

ሁለተኛዋ 50 ጫማ ነበረች፣ የ2003 ሥራ። ባለቤቶቿ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ናቸው፤ ደላላ በኩል ነው የሚሸጧት። ኩሽናዋ አሮጌ ነው። መጋረጃው ላይ ዳክዬ አለ። ሞተሯ ግን እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ቆየን፤ አንዴ ቁልፉ ሲዞር ተነሳ፣ ጥቂት ጭስ አወጣና ረጋ። የዘይት ቅያሪው በሙሉ በደብተር ላይ ተጽፏል፣ በአንድ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ። እኔን ያሳመነኝ ደብተሩ ነው። 50 ጫማ መሆኗም ጥሩ ነበር። ሰሜን ውስጥ ከ58 ጫማ የማያስገቡ ሎኮች ስላሉ፣ ከዚያ ያነሰች ጀልባ የትም ትደርሳለች።

44,500 ጠየቁ፤ በ44,000 ተስማሙ። 4,400 ቀብድ ተከፈለ። ውሉ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፣ ያለ እሷ እንዳትፈርሙ፦ ሽያጩ የሚጸናው ምርመራው ከወጣ በኋላ ነው፤ ከባድ ጉድለት ከተገኘ ዋጋው እንደገና ይነገራል ወይም ቀብዱ ይመለሳል።

ያን ማታ ባሕር ዳር ላሉት እናቱ ደወለ። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎት ስለነበር እኔም ሰማሁ።

"እማዬ፣ ጀልባ ልገዛ ነው።"

"ታንኳ?"

"ትልቅ ነው፣ የብረት።"

"ብረት ይሰምጣል እኮ ልጄ!"

ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። "ታደርቀዋለህ ግን?" አሉት። ጣና ላይ የደንገል ታንኳ ሲያዩ ነው ያደጉት። ደንገሉ ውሃ ይጠጣል፤ ሥራ ሲያልቅ ወደ ዳር ተጎትቶ ይደርቃል፤ ካልደረቀ ቶሎ ይበሰብሳል። "ብረት ውሃ አይጠጣም እማዬ" አላቸው። "ይሁን" አሉ፣ ባልተዋጠላቸው ድምፅ።

ሆዷ

ምርመራው ማክሰኞ ነበር። ክሬኑ ሁለት ሰፋፊ ቀበቶ ከሥሯ አሳልፎ አነሳት። 15 ቶን የሚሆን ብረት ውሃ እያንጠባጠበ አየር ላይ ሲንጠለጠል ሰው ሁሉ ዝም ይላል። እንጨት ላይ አሳረፏት፣ በውሃ ግፊት ታጠበች። ያኔ ነው ሆዷን ያየነው።

መርማሪው 60 ዓመት ያለፈው ሰው ነው፣ ጉልበቱ ላይ የላስቲክ መከላከያ ታጥቋል። መጀመሪያ በመዶሻ እየነካካ ዞራት፤ ጆሮው ነው የሚሠራው። ከዚያ በየቦታው የሳንቲም ያህል ጥቁሩን ቀለም ፍቆ ብረቱን አነጣ። ቅባት ቀባ፣ የድምፅ ሞገድ የምትልከዋን ትንሽ መሣሪያ ለጠፈ፣ ቁጥሩን በጠመኔ እዚያው ጎኗ ላይ ጻፈ። የዚህ ዓይነት ጀልባ ላሜራ ብዙውን ጊዜ ከሥር 10 ሚሊ ሜትር፣ ከጎን 6፣ ክፍሏ ደግሞ 4 ሆኖ ነው የሚሠራው። 5.7 ጻፈ። 5.6። 5.7። ጓደኛዬ እየተከተለ ያነባል። ከሥር 9.2። ጥሩ ነው። ወደ ኋላ፣ በግራ በኩል፣ ከውሃው መስመር ትንሽ ዝቅ ብሎ ሲደርስ መርማሪው ዝም አለ። እንደገና ፋቀ። 4.3።

ብዙ ኢንሹራንሶች 4 ሚሊ ሜትርን እንደ ወለል ነው የሚያዩት። ከዚያ ካነሰ በላዩ ሌላ ላሜራ ይበየድ ይላሉ።

ጎንበስ ብለን አየን። ዝገቱ አንድ ወጥ አይደለም። እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ ነው። መርማሪው በአንዱ ጉድጓድ ውስጥ መለኪያውን ከተተና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ከኋላዋ የተበየደውን የማግኒዚየም ቁራጭ አሳየን። አኖድ ይባላል፤ ሥራው ከብረቱ በፊት እሱ እንዲበላ ነው። ተልሶ ያለቀ ከረሜላ መስሏል።

"ማሪና ውስጥ ኤሌክትሪክ ተሰክታ ነው የቆየችው?" ሲል ደላላውን ጠየቀው።

አራት ዓመት፣ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀልባዎች ከማሪናው ኤሌክትሪክ ሲሰኩ በመሬት ሽቦው እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። ሽቦው፣ ውሃውና ብረቶቹ አንድ ላይ ሆነው ትልቅ ባትሪ ይሆናሉ። ደካማው ብረት ቀስ እያለ ይሟሟል። ይህን የሚያግድ መቶ ፓውንድ እንኳ በቅጡ የማያወጣ ዕቃ አለ፤ በመሬት ሽቦው ላይ የሚገባ። እሷ ላይ አልነበረም። ኩሽናዋን በየቀኑ ያጸዱ ሰዎች፣ ዘይቷን በደብተር የመዘገቡ ሰዎች፣ ከሥሯ የሚሆነውን አያውቁም ነበር። አልዋሹም። እሷ ናት የሆዷን በሆዷ ይዛ የቆየችው።

መርማሪው ዕቃውን ሲሰበስብ "በየሁለት ሦስት ዓመቱ ከውሃ አውጥተህ ሬንጅ ቀባት" አለው። ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞር አለ። "እማዬ ትሙት፣ ታደርቀዋለህ ወይ አላለችኝም?"

ከዚያ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ምርመራው 650፣ ክሬኑ 250 ፓውንድ ወሰደ። ሪፖርቱ ሲመጣ ዋጋው እንደገና ተነገረ፣ በ41,500 ተዘጋ። ውሃ ውስጥ ሳትመለስ እዚያው ጉድጓዶቹ ተበየዱ፣ ሁለት እጅ ሬንጅ ተቀባች፣ አራት አዳዲስ አኖድ ተበየደላት፦ 1,900። ያቺ መከላከያ ዕቃ ከነሥራዋ 120። ባትሪዎቹ ሞተው ስለነበር 420። ኢንሹራንስ 240። የዓመቱ ፈቃድ 1,250 ገደማ፣ የማሪናው ኪራይ 2,600፣ ገመድና ልዩ ልዩ ዕቃ 400። ደምሩት፤ 49,000 ያልፋል። 50,000 ይዞ የ50,000 ጀልባ ቢገዛ ኖሮ ምን ይውጠው ነበር?

ስለ ወረቀት አንድ ነገር። መኪና ሊብሬ አላት። ጀልባ የላትም። ፈቃዱን የሚሰጠው ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት ነው፤ ከ2012 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ 2,000 ማይል የሚሆን የውሃ መንገድ የሚያስተዳድር የበጎ አድራጎት ድርጅት። ፈቃዱ ግን የባለቤትነት ማስረጃ አይደለም። ባለቤትነት የሚታወቀው ከእጅ ወደ እጅ በተላለፉ የሽያጭ ውሎች ነው፤ ስለዚህ የሻጩ ውል ብቻ ሳይሆን ሻጩ የገዛበትም ውል ይጠየቃል። ፈቃዱን ለማግኘት ደግሞ ከማቆሚያው ጉዳይ ሌላ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ ኢንሹራንስና በየአራት ዓመቱ የሚታደስ የደኅንነት ምርመራ ወረቀት። የእሷ ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር። ይህ የደኅንነት ወረቀት ጋዙን፣ ነዳጁንና ኤሌክትሪኩን እንጂ የላሜራውን ውፍረት አያይም። ብዙ ሰው "ወረቀት አላት" ሲባል ሆዷም የታየ ይመስለዋል።

ዝግጅቱ

ለአውቶቡስ መንጃ ፈቃድ ስንት ፈተና እንዳለፈ ሲነግረኝ አይደክመውም። ለ15 ቶን ጀልባ የሚጠየቀው መንጃ ፈቃድ ደግሞ፦ ምንም። ገዝተህ ትነዳለህ። እሱ ግን የአንድ ቀን ኮርስ ወሰደ፤ ጥሩ አደረገ። ሾፌርነቱ አልጠቀመውምና፣ እንዲያውም ጎዳው። መሪው ኋላ ያለ ዘንግ ነው፤ ወደ ግራ ስትገፋው አፍንጫዋ ወደ ቀኝ ይሄዳል። የምትዞረው ከወገቧ ስለሆነ አፍንጫዋ ወደ አንዱ ጎን ሲሄድ ጅራቷ ወደ ሌላው ትወጣለች። ፍሬን የለም፤ ለማቆም ማርሹን ኋላ ታስገባለህ። ኋላ ስትሄድ ደግሞ መሪው አይታዘዝም። የመጀመሪያውን ሰዓት ሙሉ ከሸምበቆ ሸምበቆ ስንጋጭ ዋልን። መንገዱም በቀኝ ነው፣ እንግሊዝ ውስጥ!

የምንይዘውን ስንሰበስብ ሁለት ቁልፍ አይረሳም ተባልን። አንዱ የውሃ መቅጃዎችንና የሽንት ቤት ማራገፊያዎችን የሚከፍተው የትረስቱ ቁልፍ ነው። ሌላው አንዳንድ ሎኮች ላይ ሕፃናትና ሰካራሞች ውሃ እንዳይለቁ የተደረገውን መቆለፊያ ይከፍታል። ለሎኩ ደግሞ እንደ ድሮ መኪና ማስነሻ ያለ ማኖቬላ። ሁለት ያዙ፤ አንዱ ውሃ ውስጥ መውደቁ አይቀርም። ለማሰሪያ የብረት ካስማና መዶሻ። ረጅም ዘንግ፣ መረማመጃ ጣውላ፣ ጓንት፣ ሁለት የሕይወት አድን ጃኬት። የውሃ ታንከሩን አጠብን።

የሽንት ቤቱን ነገር ሁሉም ሰው ይጠይቀኛል። እንደ ሻንጣ የሚወጣ ሣጥን ነው። ሲሞላ እየጎተትክ ወደ ማራገፊያ ትወስደዋለህ። በቃ።

ጋዙ ግን ሌላ ነው። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ቤት ውስጥ ቢያፈተልክ በበር ሥር ሊወጣ ይችላል። ጀልባ ውስጥ ሆዷ ላይ ይተኛና አንድ ብልጭታ ይጠብቃል። ለዚህ ነው ሲሊንደሩ ከክፍሉ ውጭ፣ ወደ ውሃው የሚያስወጣ ቀዳዳ ባለው ሣጥን ውስጥ የሚቀመጠው። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም ከ2019 ጀምሮ ግዴታ ነው። ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ከመነሳታችን አንድ ቀን በፊት ታላቅ እህቱ ረከቦትና የከሰል ማንደጃ ይዛ መጣች። ጀልባዋ በቡና መመረቅ አለባት።

"እትዬ፣ ከሰሉ ውስጥ አይገባም።"

"መስኮት እከፍታለሁ።"

"አይገባም አልኩሽ፣ በ2 ሜትር ክፍል ውስጥ እንተኛለን።"

ተቀየመች። ቡናው በጋዝ ተፈልቶ ተጠጣ፣ ዕጣኑ ውጭ ሣሩ ላይ ጨሰ። ከሰልና ዝግ ክፍል ስንት ሰው እንደወሰደብን እያንዳንዳችን እናውቃለን፤ ጀልባ ደግሞ ከማንኛውም ክፍል በላይ ዝግ ነው።

መንገዱን የመረጥነው በሎክ ብዛት ነው። ከብራውንስተን ወደ በርሚንግሃም ቢኬድ ሃተን ላይ ብቻ 21 ሎክ በተርታ አለ። ወደ ሰሜን፣ በኦክስፎርድ ካናል እስከ ሆክስበሪ፣ 23 ማይል ያህል ነው፤ ሎኩ አራት ብቻ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ማይሉን ከሎኩ ጋር ደምር፣ ለሦስት አካፍል። ዘጠኝ ሰዓት። ጀማሪ ስለሆንን ሁለት ቀን መደብን፣ ሦስተኛውን ቀን ወደ ኮቨንትሪ መሃል ለመግባት። በብርዱ ወራት የሎክ ጥገና ይበዛልና ግንቦት እስኪገባ ጠበቅን፣ የተዘጋ ቦታ እንዳለም ከትረስቱ ማስታወቂያ አየን።

ሦስቱ ቀናት

ብራውንስተን ላይ ሁለቱ ቦዮች የሚገናኙበት የብረት ድልድይ አለ፣ ባለ ሁለት ቅስት። ኮረብታው ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ሹል ጣሪያ ከሩቅ ይታያል። በሐምሌ 1939 ቶም ሮልት የሚባል መሐንዲስ ከባንበሪ ከአዲስ ሚስቱ ጋር ተነስቶ በዚሁ በኩል አልፏል፣ ዓለም ጦርነት ሊገባ አምስት ሳምንት ሲቀረው። ኋላ በ1946 ቦዮቹን ከመዘጋት ለማዳን የተቋቋመውን ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። እሱ ባይኖር ዛሬ እኛ የምንሄድበት ውሃ ይኑር አይኑር እንጃ። ጓደኛዬ ይህን ስነግረው እየሰማኝ አልነበረም። ድልድዩን እያየ ትንፋሹን ይዞ ነበር።

አለፍናት፣ ሳንነካ።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ሰዓት ምንም አልሆነም። ላም፣ ሸምበቆ፣ ድልድይ፣ ላም። በቆሙ ጀልባዎች አጠገብ ስናልፍ እንዘገያለን፤ የእኛ ሞገድ የእነሱን ካስማ ይነቅላልና። ሕጉ በሰዓት 4 ማይል ይፈቅዳል፣ እኛ ሦስትም አልሞላን። አንዲት አሮጊት ውሻ ይዘው በዳሩ መንገድ ቀድመውን ሄዱ።

ሂልሞርተን ላይ ሦስት ሎክ አለ፣ ወደ ታች የሚወርድ፣ እያንዳንዱ መንታ ሆኖ ጎን ለጎን። በመውረድ ጊዜ አንድ አደጋ አለ። ከኋለኛው በር ሥር፣ ውሃው ሲሞላ የማይታይ የድንጋይ ደፍ ተሸጉጧል። የጀልባዋ ጅራት እዚያ ላይ ካረፈች፣ ውሃው ሲወርድ እሷ ተንጠልጥላ ትቀራለች፣ አፍንጫዋ ይሰምጣል። ግድግዳው ላይ ነጭ መስመር ተሰምሮ ከዚህ ወደፊት ሁን ይላል። አውቀነዋል፣ ኮርሱ ላይ ሦስቴ ተነግሮናል። ሁለተኛው ሎክ ላይ እኔ ማኖቬላውን እያዞርኩ ውሃ ስለቅ፣ ጓደኛዬ ፎቶ ለማንሳት ስልኩን አወጣ። ጀልባዋ ቀስ ብላ ወደ ኋላ ሄደች። ሰማያዊ የሕይወት አድን ጃኬት የለበሰ በጎ ፈቃደኛ የሎክ ጠባቂ ነው ያየው።

"ወደፊት! ወደፊት!"

እኔ ውሃውን ዘጋሁ። እሱ ማርሽ አስገባ። ነጩ መስመር ከጅራቷ በአንድ ክንድ አለፈ። ሰውየው አልተቆጣም። ጠጋ ብሎ ውሃው ሲወርድ ደፉ ብቅ እስኪል አብሮን ቆመ፤ ጥቁር፣ በአረንጓዴ አልጌ የተሸፈነ፣ አግዳሚ ወንበር የሚያህል ድንጋይ። ጓደኛዬ ስልኩን ኪሱ ከተተው። እስከ ኮቨንትሪ አላወጣውም።

ራግቢ ላይ አደርን። በማግሥቱ ኒውቦልድ ዋሻ ሳንደርስ ሞተሩ ድምፁ ተለወጠ፣ ጀልባዋ መሄድ አቃታት። ፕሮፔለሩ አንድ ነገር ጠቅልሏል። ለዚህ ከሞተሩ ኋላ፣ ከፕሮፔለሩ በላይ፣ ወደ ውሃው የሚከፈት የብረት ክዳን አለ። ሞተር ይጠፋል። ቁልፉ ይነቀልና ኪስ ይገባል፤ ማንም ተሳስቶ እንዳያስነሳው። ጓደኛዬ ክዳኑን ፈትቶ እጁን እስከ ትከሻው ከተተ። ግንቦት ቢሆንም ውሃው አጥንት ይሰብራል። በዳቦ ቢላዋ ሃያ አምስት ደቂቃ ቆረጠ። አንድ የጂንስ ሱሪ እግር ወጣ፣ ከዚያ የላስቲክ ገመድ፣ ከዚያ የሱሪው ሌላኛው እግር።

"የሱሪው ባለቤት የለበትም አይደል?" አልኩት። አልሳቀም።

ክዳኑን መልሶ ሲያስር ሁለቴ አጠበቀው፣ ሞተሩን አስነስቶ በባትሪ አየው፣ እንደገና አጠበቀው። ይህ ክዳን በደንብ ካልታሰረ ፕሮፔለሩ ራሱ ውሃ ወደ ውስጥ ይረጫል፤ በዚህ የሰመጡ ጀልባዎች አሉ።

ከዋሻው በኋላ ቦዩ ቀጥ ይላል። የብሪንድሊ መስመር ኮረብታውን እየተከተለ የሚጠማዘዝ ነበር፤ በ1830ዎቹ አቅንተው ወደ 14 ማይል ያህል አሳጠሩት። አሮጌው ቦይ የተለየበት ቦታ ብዙውን ጊዜ በዳሩ መንገድ ላይ በተሠራ የብረት ድልድይ ይታወቃል። አንስቲ ካለፍን በኋላ አውራ ጎዳናው ድምፁ ይመጣል። መኪኖቹ በሰዓት 70 ማይል፣ እኛ በሦስት። ጓደኛዬ ወደዚያ እንኳ አላየም።

ሆክስበሪ ላይ የመጨረሻዋ ትንሽ ሎክ አለች፣ ውሃውን በጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ የምትለየው። ከዚያ ወዲያው በድልድይ ሥር አልፎ ወደ ሌላው ቦይ መታጠፍ ነው፣ መጠጥ ቤቱ ፊት ለፊት። የተቀመጠው ሰው ብርጭቆውን ይዞ ጀማሪ የሚያይበት ቲያትር ነው። አንድ ጊዜ ግድግዳ ነካን። በሦስተኛው ሙከራ ዞረች። አንድ ሰው አጨበጨበ፣ ለማሾፍ ይሁን ለማድነቅ አልለየሁም።

በሦስተኛው ቀን አምስት ማይል ተኩል ሄደን ኮቨንትሪ መሃል ገባን፣ ብሪንድሊ በሐውልት ሆኖ ንድፉ ላይ ጎንበስ ካለበት። ማታ ጓደኛዬ የቀን ሥራውን ጨረሰ፦ ዘይት ለካ፤ የፕሮፔለሩ ዘንግ ከሆዷ በሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ያለውን የግሪስ መጫኛ እስኪከብደው አዞረ፤ ክዳኑን ነካ። በሆዱ ወለሉ ላይ ተኝቶ ከሞተሩ ሥር በባትሪ እያበራ ሳለ ስልኩ ጮኸ። እኔ አነሳሁለት፣ ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግሁት።

"ደረሳችሁ?"

"ደርሰናል እማዬ።"

"ውሃ አልገባውም?"

ባትሪውን ወደ ጥጉ አዞረው። ጣቱን ብረቱ ላይ አሳለፈ፣ አወጣው፣ በብርሃኑ አየው።

"ደረቅ ነው እማዬ።"